“ትራምፕ ብር ሲያድል ስንት ደረሰሽ?” ለምትሉኝ

ሰሞኑን ከልጅነት ጓደኞቼ ጋር ባለን የቴሌግራም ግሩፕ ወሬው ዞሮ ዞሮ ኮሮና ላይ ደረሰ። አንዷ፣ በክፋት ሳይሆን በፍቅር፣ “አንቺማ ያኔ አይደል የተመረቅሽው? ትራምፕ ብር ሲያድላችሁ ስንት ደረሰሽ?” ብላ ጠየቀችኝ። ሌላዋ ተቀበለችና “ዲግሪ ያለው ሰው እኮ እዚያ አልተጎዳም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር እየሠራ ደመወዙን ይበላ ነበር” አለች። ምሳ ሰዓት ነበር። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ ምግቡም አልወርድ አለኝ።

ለእኔ የደረሰኝ ሃያ ዶላር ነው። እሱንም የሰጠኝ መንግሥት አይደለም። ይህን ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ዛሬ የምናገረው፣ ዘንድሮ አዲስ አበባ ተመርቃ “በዲግሪዬ ብመጣ ስንት ይከፍሉኛል?” እያለች የምትጽፍልኝ የአክስቴ ልጅ ስላለች ነው። እሷም ታንብበው።

አሜሪካ የገባነው በ2012 (በፈረንጆቹ) በዲቪ ነው። እኔ 14፣ ወንድሜ 7 ዓመታችን ነበር። ያረፍነው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። አባዬ አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ እዚህ ኡበር ይነዳል። እማዬ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ በቀን አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት አልጋ ታነጥፋለች። ማታ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው እጇን ለብ ባለ የጨው ውኃ መንከር ነው።

ኮሌጅ ስገባ ያልመከረኝ ሐበሻ አልነበረም። ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም “ነርሲንግ ግቢ፣ ነርስ ሥራ አጥቶ አያውቅም” ነው። እኔ ግን ሆቴል አስተዳደር መረጥኩ። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፦ እማዬ በየቀኑ በሠራተኛ በር የምትገባበትን ዓይነት ሕንፃ እኔ በፊት ለፊቱ በር ልገባበት ፈልጌ ነው።

ፌብሩዋሪ 2020 ላይ ተሳካ። አንድ ትልቅ ሆቴል ሽያጭ ክፍል ውስጥ ረዳት እንድሆን በስልክ ተነገረኝ። ደመወዙ በዓመት 44 ሺህ ዶላር፣ የምጀምረው ጁን 1። “ወረቀቱን እንልክልሻለን” አለችኝ የክፍሉ ኃላፊ። እማዬ ጎረቤት እስኪደነግጥ እልል አለች፤ ሽሮ ሜዳ አያቴ ዘንድ ተደወለ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ወረቀቱ አልመጣም። አልጠየቅኩም። ሰው በአፉ ቃል ከገባልኝ በኋላ “በጽሑፍ ይሁንልኝ” ማለት ሰውየውን መጠራጠር ሆኖ ታየኝ። ያሳደጉኝ እንደዚያ ነው። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” የሚለውን ተረት የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ብር ስንበዳደር፣ ቤት ስንከራይ፣ ሥራ ስንቀጠር ግን ወረቀት የሚጠይቀውን ሰው ክፉ እንለዋለን።

የዋሽንግተን ሆቴሎች የብርዱን ወራት የገበያ ድርቀት የሚያካክሱት በቼሪ አበባ ሰሞን ነው። በዚያ ዓመት አበባው ሙሉ ለሙሉ የፈካው ማርች 20 ነበር። ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ ገና ሳምንቱ ነው። አበባው ፈካ፣ ሆቴሎቹ ባዶ ቀሩ። እማዬን ከነጓደኞቿ “እስክንጠራችሁ ቤት ቆዩ” አሏቸው። በዚያው ሳምንት ያቺ ኃላፊም ደወለችልኝ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሰው ናት። “ቅጥሩ ታጥፏል፤ ነገሩ ሲረጋጋ እናያለን” አለችኝ። ቅጥሩ ሲመጣም በስልክ፣ ሲሄድም በስልክ። በእጄ የቀረ አንድም ወረቀት አልነበረም።

ሜይ ላይ ሳሎናችን ውስጥ ተመረቅኩ። ላፕቶፑን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተን፣ እማዬ ቡና አፍልታ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ስሜ ስክሪኑ ላይ ጥቂት ሰከንድ ታይቶ አለፈ። ጋዋኑ በፖስታ ነበር የመጣው። ለብሼው ፎቶ ተነሳሁና አገር ቤት ላክንላቸው፤ አያቴ በፍሬም አድርጋ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ በኋላ በደወልን ቁጥር ጥያቄዋ አንድ ነው፦ “ሥራ ገባሽ?”

ጓደኛዬ “ዲግሪ ያለው አልተጎዳም” ያለችው መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። በኤፕሪል 2020 ብቻ በአሜሪካ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ሥራውን አጣ፤ የሥራ አጡ ቁጥር በመቶኛ 14.7 ደረሰ። ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱት 21.2 ከመቶ ሥራ ሲያጡ፣ ዲግሪና ከዚያ በላይ ያላቸው ግን 8.4 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ ዲግሪ አዳነ ይባላል። ነገር ግን ይህ ንጽጽር የሚቆጥረው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ነው፤ እኔ 22 ዓመቴ ነበር። ላፕቶፕ ይዞ ቤቱ የገባው ዲግሪ ያለው ብቻ ስለሆነ አይደለም፤ ማርች ወር ሲደርስበት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለነበረ ነው። ወንበሩን ለመያዝ በር ላይ የቆምነው እኛ ነን ሜዳ ላይ የቀረነው። በትምህርት ዘርፍም ይለያያል። አብራኝ ቤተ መጻሕፍት የምታጠና ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረች ልጅ ሥራዋን በቀኑ ጀመረች፤ ላፕቶፑን ቤቷ ድረስ ላኩላት። የእኔ ዘርፍ፣ ሆቴሉ ምግብ ቤቱ መዝናኛው ተደምሮ፣ በዚያች በአንዲት ወር 7.7 ሚሊዮን ሥራ አጣ። ካለው ሠራተኛ ግማሽ ለመሆን ትንሽ የጎደለው ማለት ነው።

አሁን ወደ “የትራምፕ ብር” ልምጣ። ሕጉን ያወጣው ኮንግረስ ነው፤ በወረቀት በተላኩት ቼኮች ላይ የፕሬዚዳንቱ ስም ስለታተመ ነው ስያሜው የቀረው። ለአዋቂ 1,200 ዶላር፣ ከ17 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 500 ዶላር። አባዬና እማዬ ደረሳቸው። የ15 ዓመቱ ወንድሜ 500 አስገኘ። እኔ ግን የኮሌጅ ተማሪ ስለነበርኩ አባዬ ታክሱ ላይ ዲፔንደንት፣ ማለትም በእሱ የምተዳደር፣ ብሎ ሞልቶኛል። 17 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ዲፔንደንት ደግሞ በራሱም ስም በወላጁም ስም ምንም አያገኝም። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ማዕድ፣ ወንድሜ 500 ዶላር ሲያወጣ እኔ ዜሮ ነበርኩ።

ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለው አንኢምፕሎይመንትስ? እሱ ቀድሞ ለሠራ ሰው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ማታ ማታ፣ ቅዳሜ ሳይቀር። ተማሪ በሚማርበት ተቋም ውስጥ የሠራው ሥራ ለዚህ ክፍያ አይቆጠርም። ይህን ያወቅኩት ሳመለክት ነው።

አባዬ ኡበሩን ማቆም ግድ ሆነበት፤ ስኳር አለበት፣ ሳንባውም ደካማ ነው። መኪናው ቆሞ ከሚውል ብዬ አንድ የገበያ ዕቃ ማመላለሻ አፕ ላይ ተመዘገብኩ። ሰዎች በስልካቸው ያዛሉ፣ እኔ ሱፐርማርኬት ገብቼ እለቅምላቸዋለሁ፣ ደጃፋቸው አድርሼ ፎቶ አነሳና እሄዳለሁ። ጋዙ ሲቀነስ በሳምንት 350 ዶላር ከተረፈኝ ጥሩ ሳምንት ነው። ሥራ ክቡር ነው፤ እማዬ አልጋ እያነጠፈች ነው ያሳደገችኝ፣ ዕቃ መሸከም አላሳፈረኝም። ያፈርኩት ሌላ ነገር ነው።

ጁን መጀመሪያ ላይ፣ ልጀምር በነበረበት በዚያው ሳምንት፣ አንድ ትዕዛዝ ደረሰኝ። ሁለት እሽግ የታሸገ ውኃ፣ ሩዝ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት። ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለውም። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ አወጣሁት። ፎቶ ላነሳ ጎንበስ ስል በሩ ተከፈተ። የእማዬ የማኅበር ጓደኛ ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ጀምሮ ፀበል ጻዲቅ ይዘው ቤታችን የሚመጡ። ማስክ ለብሻለሁ፣ ግን በዓይኔ አወቁኝ። እኔም ሰላምታ ጠፋኝ። እሳቸውም ዝም ብለው አዩኝ። ምረቃዬ ዕለት በስልክ እልል ያሉት እኚሁ ሴት ናቸው፤ “ቢሮ ልትገባልን ነው” እያሉ ለሰው ሁሉ የነገሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ተመለሱና ሃያ ዶላር በመዳፌ ውስጥ አድርገው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። ያኔ ሰው ሰው አይነካም ነበር። “አይዞሽ የኔ ልጅ” አሉኝ።

ሃያዋን ዶላር ተቀበልኩ። “አይ፣ ግድ የለም እትዬ” ማለት ነበረብኝ፤ ያሳደገችኝ እናት እንደዚያ ነበር ያስተማረችኝ። መኪናው ጋዝ አልነበረውም፣ ተቀበልኩ። ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬም ሰው እጄን በሁለት እጁ ሲይዘኝ ያ ደረጃ ነው የሚታየኝ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ደወሉ። ለማፅናናት መስሎኝ ነበር ያነሳሁት። “አንቺ ተምረሻል፤ የአንኢምፕሎይመንቱን ቅጽ ሙዪልኝ፤ በስልክ ብሞክር መስመሩ አይገባም” አሉኝ። ለካ እሳቸውም ከአሥራ ሰባት ዓመት የሆቴል ሥራ በማርች ተቀንሰዋል፤ ሃያዋን ዶላር የሰጡኝ ገቢ ሳይኖራቸው ነው። ማስካችንን እንዳደረግን እኛ ቤት ሞላሁላቸው። እሳቸው ለሌላ ሰው ነገሩ። በአንድ ወር ውስጥ የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ የኤርፖርት ሠራተኛ፣ የምግብ ቤት አስተናጋጅ፣ አሥራ አንድ ሰው በኩሽና ጠረጴዛችን ዙሪያ አለፈ። በሜሪላንድ ከፍተኛው የሳምንት ክፍያ 430 ዶላር ነበር፤ በዚያ ላይ ፌዴራሉ 600 ይጨምራል። ቅጹን የሞላሁላቸው ሰዎች በሳምንት ዘጠኝ መቶ፣ አንድ ሺህ ዶላር ያገኙ ጀመር። ደስ ብሎኛል፤ ይገባቸዋል፤ ዕድሜያቸውን የሠሩበት ነው። ስድስት መቶዋም ጁላይ ሲያልቅ ተቋርጣለች። ግን እውነቱን ልናገር፤ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ላፕቶፑን ዘግቼ በአፕ ትዕዛዝ ስጠብቅ፣ አራት ዓመት የተማርኩት የሌላ ሰው ቅጽ ለመሙላት ነው ወይ ብዬ አምላኬን ጠይቄያለሁ።

ከእነዚያ ቅጾች በአንዱ ላይ ነው ያን መስመር ያነበብኩት። መደበኛው ክፍያ ለማይደርሳቸው ሰዎች የተከፈተ ልዩ የወረርሽኝ ድጋፍ ነበር፤ ማን እንደሚገባው ሲዘረዝር “ሥራ ሊጀምር ቀን ተቆርጦለት በኮቪድ ምክንያት ያልጀመረ” ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እኔ የተጻፈ መስመር ነው። ቀጥሎ የቀጣሪው ስም፣ የሚጀመርበት ቀን፣ ደመወዝ፣ ከዚያ “የሞላሁት እውነት ስለመሆኑ በሕግ ፊት አረጋግጣለሁ” የሚል ፊርማ። ወደ ሆቴሉ ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም። ያቺ ኃላፊ ራሷ ተቀንሳለች፤ ኢሜይሏ ተመልሶ መጣብኝ። አባዬ ያኔ የዜግነት ማመልከቻው ላይ ነበር። “ልጄ፣ በእጅሽ ማስረጃ ሳይኖር በመንግሥት ወረቀት ላይ አትፈርሚ” አለኝ። አልፈረምኩም። ከእኔ ጋር የተመረቀች አንዲት ልጅ እኔ እንደደረሰብኝ ቅጥሯ ታጥፎባት ነበር። እሷ ግን “እንኳን ደስ አለሽ፣ ጁን 8 ትጀምሪያለሽ” የምትል አራት መስመር ኢሜይል ነበራት። በዚያች ኢሜይል ተከፈላት። በዲሴምበር 2020 የወጣው ሕግ ደግሞ ማስረጃ ማቅረብን ግዴታ አደረገው። የእኔና የሷ ልዩነት አራት መስመር ነበር። እዚህ አገር ወረቀት ያልያዘው ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል። በዚህ አዝንባቸዋለሁ፤ ሰው ለሰው የገባው ቃል ክብደት ሊኖረው ይገባ ነበር። ግን የኛም ይሉኝታ በራብ ቀን አያበላም።

በተማሪ ቪዛ የመጡት ከእኔ የባሰ አይተዋል። ከጎንደር የመጣ አንድ የክፍሌ ልጅ ከምረቃ በኋላ የሚፈቀድለትን የሥራ ጊዜ ጀምሮ ነበር። ሕጉ በድምሩ ከ90 ቀን በላይ ሥራ ፈትቶ መቆየትን አይፈቅድም። አገሩ በሙሉ ሥራ በፈታበት ወቅት እሱ ቀን ይቆጥር ነበር። ጁላይ 6 ደግሞ ትምህርታቸው በሙሉ በኢንተርኔት የሆነ የውጭ ተማሪዎች ከአገር ይውጡ ወይም በአካል ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ይዛወሩ የሚል መመሪያ መጣ፤ ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ ክስ መሠረቱ፣ መመሪያውም በወጣ በስምንተኛው ቀን ተሻረ። ገና ያልጨረሰች እህቱ ያንን ሳምንት ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነው ያሳለፈችው። የዲቪ ነገርማ የሁላችሁም ቁስል ነው። ኤምባሲዎች ማርች ላይ መደበኛውን ቪዛ መስጠት አቆሙ፤ የ2020 ዕድለኛ ቪዛውን ካላገኘ ዕድሉ ሴፕቴምበር 30 ላይ ያበቃል። ቤታቸውን ሸጠው፣ ሥራ ለቀው ሲጠባበቁ ቀኑ ያለፈባቸውን ሰዎች ከሰፈሬ አውቃለሁ። ስለዚህ “ደረሰኝ” ስትሉ ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ሳይለጠፍ ሥራችሁን አትልቀቁ።

የመጀመሪያ የቢሮ ሥራዬን ያገኘሁት በዲግሪዬ አይደለም። ኦክቶበር 2020 ላይ በቫይረሱ ለተያዙ ሰዎች ደውሎ ከማን ጋር እንደተገናኙ የሚጠይቅ፣ አማርኛ የሚችል ሰው ይፈለግ ነበር። በአካባቢያችን የሐበሻው ቁጥር ብዙ ነው፤ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ እንኳ በአማርኛ ይወጣል። በሰዓት 19 ዶላር፣ ኮንትራት። እማዬ “ቤት ውስጥ በአማርኛ አውሩ” እያለች ስትቆጣን የኖረችው ቋንቋ ነው እንጀራ ያበላኝ። በስልክ አሮጊቶቹ “የማን ልጅ ነሽ?” ሳይሉኝ አንድም ጥያቄ አይመልሱልኝም ነበር። አንዳንዴ ያለቅሳሉ፤ አብሬ አለቅሳለሁ። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ሥራ እሱ ይመስለኛል።

በ2021 አጋማሽ ሆቴሎቹ ተከፈቱ፣ ሠራተኛም ጠፋ። እንደተመኘሁት ሽያጭ ክፍል ገባሁ፣ በ38 ሺህ። ከወረርሽኙ በፊት ከተባለልኝ በ6 ሺህ ያነሰ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ “አሁን ስንት ይከፈልሻል?” ብለው ጠየቁኝ፣ እኔም ነገርኳቸው። በሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ቀጣሪ የቀድሞ ደመወዝን መጠየቅ በሕግ የተከለከለ መሆኑን የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። በ2022 አንዲት አዲስ ተመራቂ መጣችና ሥራውን እንዳለማምዳት ሰጡኝ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ እወዳታለሁ። አንድ ቀን ስለ ቤት ኪራይ ስናወራ ደመወዟን ነገረችኝ፦ 48 ሺህ። እኔ ያኔ 40 ሺህ ነበርኩ። ልዩነታችን ጥረት አይደለም፣ ውጤትም አይደለም፤ እሷ ስትወለድ ሁለት ዓመት ዘገየች።

ይህ የእኔ ምሬት ብቻ አይደለም። ካናዳ ውስጥ ከ1976 እስከ 1995 በተመረቁ ወንዶች ላይ የተሠራ ሰፊ ጥናት አለ። ኢኮኖሚው በወደቀበት ዓመት የተመረቀ ሰው ደመወዙ ሲጀምር 9 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ይነሳል፤ ጉድለቱ በአምስት ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ለመጥፋት ግን እስከ አሥር ዓመት ይፈጃል። ቶሎ የሚያገግሙት ደግሞ በዝቅተኛ ደመወዝ ከገቡበት ድርጅት ወደ ተሻለ የሚዘዋወሩት ናቸው። ይህን ሳነብ ነው መልቀቂያዬን የጻፍኩት። እኛ ሐበሾች “እንጀራ የሰጠኝን እንዴት ጥዬ እሄዳለሁ” እንላለን፤ አሜሪካኖቹ ደግሞ የተሻለ ሲያገኙ ድርጅቱን ትተው ይሄዳሉ። በዚህ አንድ ጉዳይ ግን እነሱ ልክ ናቸው። አዲሱ ቦታ 56 ሺህ ሰጠኝ፤ በወረቀት፣ ከነፊርማው።

ያገዘኝ ነገርም አለ፣ እሱን ልክድ አልችልም። የፌዴራል የተማሪ ብድር ክፍያው ከማርች 2020 እስከ 2023 መኸር ድረስ ቆሞ ነበር፣ ወለዱም ዜሮ። ያ ባይኖር አባዬ መኪናውን ይሸጥ ነበር።

ለአክስቴ ልጅ የጻፍኩላት እንዲህ ነው። ነይ አልልሽም፣ ቅሪም አልልሽም። ከመጣሽ ዲግሪሽ ስንት እንደሚያወጣ ከአንቺ ጉብዝና እኩል የደረስሽበት ወር ይወስነዋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሥራሽ አትፈሪ፣ ራስሽንም በእሱ አትለኪ። አማርኛሽን አጥብቀሽ ያዢ። ቃል የገባልሽን ሰው አመስግነሽ፣ በዚያው ቀን “ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው” ብለሽ በኢሜይል ጻፊለት፤ መልሱንም አስቀምጪው። ይህ ስድብ አይደለም። ለእትዬም ባለፈው ፋሲካ ሃያዋን ዶላር ልመልስላቸው ሞክሬ ነበር፤ “ምን ሃያ ዶላር?” አሉኝ። ረስተዋታል።

ትናንት ማታ የአክስቴ ልጅ መልስ መጣ። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሊቀጥራት ነው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች፤ “እንዲህ ዓይነቱን ነው የምትይው?” ትላለች። አጉልቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። “አዎ። ግን የምትጀምሪበት ቀን አልተጻፈም፤ ነገ ጠዋት ሄደሽ አስጽፊ” ብዬ መለስኩላት።